አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ

የእናቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ከመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የጠፋው በስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ ጥፍሯን የምትቀባው ለእሁድ ብቻ ነበር፤ ሰኞ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ታጠፋዋለች። ስለዚህ ጠርሙሷ ሳምንቱን ሙሉ ከጥርስ ሳሙናው አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ማክሰኞ ጥርሴን ልቦርሽ ስገባ የለችም።

«እማዬ፣ ቀለምሽ የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል? አንድ ቦታ ይኖራል» አለችኝ። ፊቷን ግን ወደ እኔ አላዞረችም።

በዚያ ሰሞን የሚጠፋ ነገር ሁሉ ያስፈራኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከሂውስተን ከተማ ወደ ጋርላንድ የመጣነው በአንድ ሻንጣና በሁለት ፌስታል ነው፤ የወጣነውም አባቴ ሥራ ላይ እያለ ነው። መንገድ ላይ እናቴ ሁለት ነገር አስማለችኝ፤ አንደኛ የምንኖርበትን ለማንም እንዳልናገር፣ ሁለተኛ በር ለማንም እንዳልከፍት። «አባትሽ ካገኘን . . .» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። እሷ ያልጨረሰችውን እኔ በየቀኑ በሆዴ ስጨርሰው ከረምኩ።

አባቴ አንድም ቀን ፈልጎን እንደማያውቅ የሰማሁት ካገባሁ በኋላ ነው።

መኪናችን ቡናማ ነበረች፣ በዕድሜም ትበልጠኛለች። የኋላ በሯ አይቆለፍም። ዋናው ችግሯ ግን ዲናሞዋን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው ብሎን ነበር። ዲናሞ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ነው፤ ሞተሩ በቺንጊያ ያሽከረክረዋል። ብሎኑ ሲላላ ዲናሞው ይዘነበላል፣ ቺንጊያው መጮህ ይጀምራል። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው ጩኸቱን ብቻ ነበር፤ ጩኸቱ ሲጀምር እናቴ መሪውን በሁለት እጇ ትጨብጣለች። ጋራዥ ትወስዳታለች፣ ያጠብቁላታል። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ይላላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት።

«ሦስተኛዬ ነው እኮ! ብሎን በገዛ እጁ ይፈታል እንዴ? የሚፈታብኝ ሰው ቢኖር ነው እንጂ!» አለችና ሳቀች።

ሳቋን አላመንኩትም። ልጅ እየሰማቸው እንደሆነ ሲያውቁ ትልልቅ ሰዎች እንደዚያ ነው የሚስቁት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እናቴ ሻወር ስትገባ እኔ ከአልጋዬ እየወረድኩ መስኮቱ ሥር መቆም ጀመርኩ። መኪናችን የምትቆመው ከመስኮታችን ፊት ለፊት ነበር። የግንቦት ጠዋት ነው፤ ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አስፋልቱ ይሞቃል፣ ሰማዩ ይነጣል።

በሁለተኛው ቀን አየሁት።

ከእኛ በታች የሚኖረው ባርናባስ ነበር። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ በጣም ረጅም፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ያኔ «እሱ» ነበር የምለው፤ ዛሬ እሳቸው ነው የምላቸው። የኋላውን በር ከፈተ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ የሆነ ነገር ሳበ፣ ኮፈኑን ቀስ ብሎ አነሳ። ክንዱን እስከ ክርኑ አስገባ። እጁ ላይ እጀታው በሰማያዊ ቴፕ የተጠቀለለ መፍቻ ነበር። ትከሻው ሲዞር አየሁ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ከኪሱ ትንሽ ቀይ ጠርሙስ አወጣ።

የእናቴን ጠርሙስ።

በትንሿ ብሩሽ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ቀባ። ኮፈኑን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት መዳፉ ተጭኖ ዘጋው። ቀና ሲል ዓይናችን ተጋጨ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። እናቴ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ወጥታ «ምነው እዚህ ተቀመጥሽ?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት። ሰውዬው ብሎኑን ይፈታል፤ አባቴ ልኮታል፤ ከተናገርኩ ደግሞ እኔንም አይምረኝም። በስምንት ዓመት ጭንቅላቴ ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር።

ያ ሰው ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገው ጎረቤት እንዳይነቃ ነበር። ትከሻው የዞረውም ብሎኑን ሲያጠብቅ ነው። ከጨረሰ በኋላ ከብሎኑ ራስ ጀምሮ እስከታሰረበት ብረት ድረስ አንድ ቀይ መስመር ያሰምራል። በማግስቱ መስመሩ ቀጥ ብሎ ካገኘው ብሎኑ አልዞረም ማለት ነው። ተሰብሮ ካገኘው ዞሯል። የእናቴ መኪና መስመር በየሁለት ቀኑ ይሰበር ነበር።

ግን ይህን ማን ነገረኝ? ማንም። የሰማሁት ሌላ ነበር። ሐሙስ ዕለት እሱና እናቴ ደረጃው ላይ ተገናኙ፤ እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜአለሁ።

«አሰለፈች፣ ያቺ መኪና ማጥበቅ ብቻውን አይበቃትም። ቀዳዳው ራሱ . . .»

«ባርናባስ፣ በናትህ ከመኪናዬ ራቅልኝ!» አለችው እናቴ። ደረጃውን ወደ ላይ ወደ ታች አየች። «ሰው ያያል።»

«ሰው ምን አገባው?»

«አንተን ማን ምን ይልሃል? የሚወራው በእኔ ነው።»

እኔ የያዝኩት «ራቅልኝ» የሚለውን ብቻ ነው። እናቴም ትፈራዋለች ማለት ነው! ባሏን ጥላ የመጣች ሴት መኪናዋን ጎረቤት ወንድ ሲነካካላት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ምን እንደሚባል ስምንት ዓመት አያውቅም። ራቅልኝ ያለችው እናቴ በዚያው ሳምንት የጥፍር ቀለሟን ዳሽቦርዱ ላይ ትታለት መውጣቷንም አያውቅም። እሱ ይጠቀምበት የነበረው ምልክት ማድረጊያ በሙቀቱ እየቀለጠ መስመሩ አልያዝ ብሎት ነበር። እሷ አስቀመጠች፣ እሱ ወሰደ፤ ሁለቱም አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እናቴ ይህን የነገረችኝ አሁን፣ እርጅና ላይ ሆና፣ እየሳቀች ነው። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ዓርብ ከሰዓት ባርናባስ ታክሲውን ያጥብ ነበር። የዕቃ ሣጥኑ ደረጃው ላይ ክፍት ነው።

«ዊንታ! ዛሬም ሰላምታ የለም?» አለኝ ውኃውን እየረጨ። «መስኮት ላይ ዘብ ስትቆሚ ሁሌ አይሻለሁ። ይቺ ልጅ ፖሊስ ነው የምትሆነው!»

ቀልድ ነበር። እኔ የሰማሁት «አይሻለሁ» የሚለውን ነው። ጀርባውን ሲሰጠኝ ሰማያዊ ቴፕ ያለውን መፍቻ አንስቼ ሱሪዬ ውስጥ ሸጎጥኩት። ብረቱ ሆዴ ላይ ቀዘቀዘኝ። ደረጃውን ሳልሮጥ፣ እየቆጠርኩ ወጣሁ። አሥራ ስድስት ነበር። ቀለም እርሳሶቼን የማስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ አልጋዬ ሥር ገፋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጀግና ሆኜ አላውቅም።

ቅዳሜ ትምህርት የለም፣ እናቴ ግን ሥራ አላት፤ ሪቻርድሰን የሚገኝ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር። ቅዳሜ ብቻዬን እውላለሁ፣ ሥራ ስትደርስ ትደውልልኛለች። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ጠዋት መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ባርናባስ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለና ቶሎ ቀና አለ። ሣጥኑን በረበረ። ዕቃውን ሁሉ አስፋልቱ ላይ ዘረገፈው፣ መልሶ ሰበሰበው። ወደ መስኮታችን አየ። ከዚያ ኮፈኑን ዘግቶ እየሮጠ ወደ ቤቱ ገባ። እሱ ገና ሳይወጣ እናቴ ቦርሳዋን አንግታ ወረደች፤ በዚያ ቀን በአሥር ደቂቃ ቀድማ ነው የወጣችው። ሞተሩ ተነሣ፣ ቺንጊያው ጮኸ። ባርናባስ ፒንሳ ይዞ በነጠላ ጫማ ሲወጣ መኪናዋ የግቢው መውጫ ጋ ደርሳ ነበር።

«አሰለፈች! አሰለፈች! አቁሚ!»

በጩኸቱ አልሰማችውም። አንዱ ጫማው ወልቆ ቀረ፣ በባዶ እግሩ እስከ መንገዱ ሮጠ። እናቴ ታጠፈች። አመለጠችው ብዬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ የደረጃው ድምፅ መጣ። ወደ እኛ ነው። ሮጬ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባሁ፣ የእናቴን የክረምት ካፖርት ራሴ ላይ ጎተትኩ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። በሩ ተመታ፣ እንደገና ተመታ። ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይሰማኝም። ሽንቴ አመለጠኝ።

ጸጥ ሲል ወጣሁ። በበሩ ሥር አንድ ወረቀት ገብቷል። የታክሲ ደረሰኝ ጀርባ ነበር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ፊደሉ እናቴ ከአገር ቤት በሚመጣላት ደብዳቤ ላይ የማየው ዓይነት ነው። እኔ በሦስት ዓመቴ ነው አሜሪካ የገባሁት። አማርኛ አወራለሁ፣ አንዲት ፊደል ግን አላውቅም። እሱ ደግሞ እንግሊዝኛ መጻፍ አይሆንለትም ነበር። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፣ ዘቅዝቄም አየሁት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«ሚጣዬ፣ ተነሣሽ? ነዳጅ ማደያ ቆሜ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት በርታብኛለች። ሥራ ልድረስ ወይስ እዚሁ ልቁም እያልኩ . . .» እናቴ ሌላ የምታማክረው ሰው ስላልነበራት እኔን ታማክር ነበር።

«እማዬ አትቁሚ! ሰውዬው እየተከተለሽ ነው!»

ከኋላዋ የትልልቅ መኪናዎች ድምፅ ይሰማል።

«የምን ሰውዬ?»

«በሩን መታ። ስምሽን እየጠራ ሮጠ። ወረቀት በበሩ ሥር ከተተ።»

«ወረቀት? ምን ይላል?»

«አላውቅም። በአማርኛ ነው።»

«ሰውዬው ረጅም ነው?»

«በጣም ረጅም ነው።»

አባቴም ረጅም ነበር።

«በሩን እንዳትከፍቺ» አለችኝ። ድምፅዋ ተቀይሯል። «መጣሁ!»

እናቴ ከቆመችበት ደህና፣ ጥላ ካለው ነዳጅ ማደያ ወጥታ ቀይ መብራቷን እያየች ወደ ሀይዌዩ የተመለሰችው እኔን ለማዳን ነው። ሁለት ማይል አልሄደችም። ብሎኑ ወጣ፣ ዲናሞው ወደቀ፣ ቺንጊያው ሄደ። መሪው ከበዳት፣ መኪናዋ አንድ ድልድይ ሥር፣ ቀኝ መስመሩ ላይ ቀጥ አለች። ባርናባስ ከወዲያ በኩል እየነዳ ሲፈልጋት ቆማ አያት። በሚቀጥለው መውጫ ዞሮ መጣ። ታክሲውን ከኋላዋ አቆመ፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን የአደጋ መብራት አበራ፣ ወርዶ መኪናዋን በእጁ ሊገፋ ሄደ። አንድ ፒካፕ ታክሲውን መታው፣ ታክሲው እሱን መታው።

እናቴ አንድ ጭረት አልነካትም።

እኔ ግን ያን ቀን የሰማሁት እናቴ በስልክ ለጓደኛዋ ስታለቅስ ነው። «ባርናባስ ከኋላዬ ነበር . . . እግሩን . . . ጉልበቱ የለም አሉኝ . . .» ከኋላዋ ነበር። ሲከተላት ተገጨ። ሦስት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እውነቱ ይኸው ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን እናቴ የበሩን ቁልፍ አስቀየረች። አዲሱን እየሞከረች ጠየቀችኝ። «ዊንታ፣ አባትሽ ሲመጣ ምን ለብሶ ነበር?»

«አባዬ አይደለም። ባርናባስ ነው።»

ቁልፉ ከእጇ ወደቀ። በሩን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ሚጣ፣ ያ ሰው በየጠዋቱ ብሎኑን የሚያጠብቅልኝ እኮ ነው።» ከዚያ ወረቀቱን ጠየቀችኝ። ሽንት ቤት ውስጥ ጣልኩት አልኳት። የእናቴን ዓይን እያየሁ የዋሸሁት የመጀመሪያው ትልቅ ውሸት ነው። ወረቀቱ ቆርቆሮው ውስጥ ከመፍቻው ጋር ነበር። እሱ ላይ የተጻፈውን ሳላነብ አውቀዋለሁ ብዬ ነው፤ «ሌባዋ ልጅሽ ናት» ይላል፣ ሌላ ምን ይላል?

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆርቆሮውን ይዤ ዞርኩ። ከጋርላንድ ወደ ዋይሊ፣ ከዋይሊ ወደ ሳክሲ። ወረቀቱን ለሚያነብልኝ ሰው ማሳየት አልቻልኩም። እናቴን እንዳልጠይቅ የዋሸሁት እሷን ነው፤ ባሌን እንዳልጠይቅ ያፍርብኛል ብዬ ፈራሁ። ባለፈው መስከረም ቤተ ክርስቲያናችን የአዋቂዎች ፊደል ማስተማር ሲጀምር ተመዘገብኩ። መምህራችን እማሆይ ወለተጊዮርጊስ ለምን እንደመጣን በየተራ ጠየቁን። እኔ «መዝሙር ለማንበብ» አልኩ። ሁለተኛው ትልቅ ውሸቴ ነው።

በዚህ መሀል የልጄ የሐሴት መኪና መጮህ ጀመረች። ሐሴት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ባቡር የሚባል ነገር ወደዚያ የለም፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ሀይዌይ ነው። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጣታለች። ጩኸቱን ጋራዣችን ውስጥ ስሰማ የያዝኩትን ሳህን ጣልኩት።

«ማሚ፣ ሪላክስ። የዲናሞ ቦልት ነው። ጓደኛዬ ታይት አድርጎልኛል፣ ሁለቴ።»

«ሁለቴ?»

«ሶ? ደግሞ ይላላል፣ ደግሞ ታይት ያደርገዋል። ምን ያስለቅስሻል?»

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ቤቱ ባዶ ሲሆን ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ወረቀቱ በእጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። ጣቴን ከፊደል ፊደል እያሳለፍኩ ጀመርኩ። «ካለችበት» የሚለው ቃል ላይ ብቻ ሩብ ሰዓት ቆምኩ። እንዲህ ይላል፦

«ዊንታ። እናትሽ ስትደውል ካለችበት አትንቀሳቀሺ በያት። ብሎኑ ሊወጣ ነው። እኔ እየሄድኩላት ነው። መፍቻውን ወስደሽው ከሆነ ምንም አይደለም፣ ሌላ አለኝ። አትፍሪ። ባርናባስ»

ሌላ አልነበረውም። ፒንሳ ይዞ ነበር የሮጠው።

ቅዳሜ ሐሴትን አስከትዬ ማኪኒ፣ ጋሼ ባርናባስ ቤት ሄድኩ። ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፣ የምትጠገን መኪና ይዤ ሄጄ ግን አላውቅም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡና ባትሪውን አስፈቱ፣ ብሎኑን አስወጡ፣ ባትሪ መብራት ይዘው ቀዳዳውን ሐሴትን አሳዩዋት።

«እዪው፤ ክብ ነው?»

«ኖ። እንቁላል ነው የሚመስለው።»

«እንግዲህ በዚህ ላይ ብታጠብቂው ብታጠብቂው ምን ይሆናል? ዲናሞው ውስጡ ይጨፍራል፣ ብሎኑን እያዞረ ያወጣዋል። የእናትሽም እናት መኪና እንዲሁ ነበረች፤ ዲናሞውን የሚሸከመውን ብረት ሳልቀይርላት ነው አደጋው የቀደመኝ።» አሮጌውን ብረት አስጣሏት፣ በስልክ ብለውን ያመጣነውን አዲሱን አስገጠሟት። አዲስ ብሎን፣ ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባ ጥርስ ያለው ሮንዴላ፣ የብሎኑ ጥምዝምዝ ላይ አንዲት ጠብታ ሙጫ። «በይ አሥራ ሦስት ቁጥር አቀብዪኝ» አሏት።

ሐሴት ሣጥኑ ውስጥ መፈለግ ስትጀምር እኔ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

ጋሼ ባርናባስ ተቀበሉኝ። ሰማያዊውን ቴፕ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ፊታቸው አልተቀየረም።

«ጋሼ . . . ያን ጊዜ . . .»

«ጽፌልሽ ነበር እኮ» አሉኝ። «አላነበብሽውም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ማክሰኞ።»

ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዩኝ፣ ከዚያ እግራቸውን አዩ፣ ከዚያ እንደገና እኔን። «ዘገየሽ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ መፍቻውን ለሐሴት ሰጧት። «በይ አንቺ አጥብቂ። እስኪያቃትሽ አይደለም፤ ልክ ሲይዝ ተዪው። ቀለም አላችሁ?»

«ብላክ አለኝ» አለች ሐሴት ጥፍሯን እያሳየች።

«ጥቁር በጥቁር ላይ ምን ይታያል? ይቺ ልጅ!»

እናቴ ዛሬም ለእሁድ የምትቀባውን ቀይ ይዤ ነበር። ብሩሹን ሰጡኝ። ቀባሁት፤ መስመሩ ጠመም ብሎ ወጣ። «ይሁን፣ ይነበባል» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከአልጋዬ ወረድኩ። የሐሴትን መኪና ኮፈን ከፍቼ በስልኬ መብራት አየሁ። መስመሩ ጠማማ ነው፣ ግን አልተሰበረም። ቀና ስል ሐሴት በላይኛው መስኮት ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ፊቷ ላይ ያለውን አውቀዋለሁ።

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አላደረግሁም።

«ሐሴት!» ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ይንቃ። «ነይ ውረጂ! ምን እንደማደርግ ነይና እዪ!»